የወገቤ ሕመም ያስተማረኝ

ውድ ተማሪዎች፣ እጁ ተሰብሮ በጀሶ የታሰረ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ያየው ሁሉ ያዝንለታል፤ «ምን ሆነህ ነው? እግዚአብሔር ይማርህ» ይለዋል። ወገቡን የሚያመው ሰው ግን የሚያዝንለት አያገኝም። ሕመሙ ፋሻ የለውም፤ ቁስሉም አይታይም። ሰውየው ይቆማል፣ ይራመዳል፣ ከሰው ጋር ይስቃል፤ ሌሊት በመኝታው ላይ ሲገላበጥ የሚያየው ግን የለም። እኔ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች አንዱ ነኝ። ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ መድኃኒት ፍለጋ በተንከራተትሁባቸው ዓመታት ስለ ሕክምና፣ ስለ ምግብና ስለ አገር ባህል ዕውቀት የተማርሁትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንዲት ተማሪዬ ላይ የፈጸምሁትን ስሕተት ልነግራችሁ ነው።

መምህር በነበርሁበት ዘመን መኖሪያዬ ካዛንቺስ፣ የማስተምርበትም ትምህርት ቤት በቂርቆስ አካባቢ ነበር። የካዛንቺስን ስም አመጣጥ ምናልባት አታውቁት ይሆናል። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ አንድ የጣሊያን ተቋም በዚያ ሰፈር ቤቶችን ሠርቶ ነበር። የተቋሙ ስም በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባላል፤ «ካዜ» ደግሞ በጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» የተባለው በሕዝቡ አፍ ሲመላለስ ካዛንቺስ ሆነ። ቂርቆስ ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን «ጨርቆስ» ይለዋል። በእነዚህ በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያለውን መንገድ የተማሪዎቼን ደብተር በሁለት እጄ ታቅፌ ለብዙ ዓመታት ጧትና ማታ ተመላልሼበታለሁ።

ማስተማር በጀመርሁ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «በቤታችን የሚገኝ ዕውቀት» በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። አንዲት ልጅ ስለ አያቷ ጻፈች። አያቷ ወገቡን የታመመ ሰው ሲመጣባቸው ጨው በምጣድ አሙቀው፣ በጨርቅ ቋጥረው ጀርባውን እንዴት እንደሚተኩሱለት፣ ዳማከሴ አሽተው እንዴት እንደሚያሸትቱት፣ ቡናም አፍልተው ሕመሙን እስኪረሳ ድረስ እንዴት እንደሚያጫውቱት አንድ በአንድ ዘርዝራ ነበር። ዐረፍተ ነገሮቿ የጠሩ፣ አንቀጾቿም የተያያዙ ነበሩ። እኔ ግን ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ብዙ ያልቆየሁ፣ ሳይንስን ሁሉ ያወቅሁ የሚመስለኝ ወጣት ነበርሁ። በቀይ ብዕር፣ «ይህ አጉል እምነት ነው፤ ከሳይንስ የራቀ» ብዬ ጻፍሁበትና ዝቅተኛ ማርክ ሰጠኋት። ደብተሯን ስመልስላት አንብባ አንገቷን ደፋች። ምንም አልተናገረችም። እኔም ነገሩን በዚያው ቀን ረሳሁት።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. በአንድ የጥቅምት ጧት፣ የወደቀ ጠመኔ ለማንሣት ጎንበስ ባልሁበት ቅጽበት በወገቤ ላይ አንዳች ነገር የተቆረጠ መሰለኝ፤ ቀና ማለት አቃተኝ። ተማሪዎቼ ደግፈው ወደ ወንበሬ ወሰዱኝ። በሳምንቱ ይተወኛል አልሁ፤ አልተወኝም። ወር አለፈ፤ ሦስት ወር ሞላ። ሐኪሞች ከሦስት ወር በላይ የቆየን ወይም እየተመላለሰ የሚመጣን ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። ይህ ሕመም ከድንገተኛው የሚለየው በዕድሜው ብቻ አይደለም። ድንገተኛ ሕመም እንደ ዘበኛ ነው፤ «እጅህ እየተቃጠለ ነውና አንሣው» ብሎ ያስጠነቅቃል። ሥር የሰደደው ግን ሌባው ከሄደ በኋላም ጩኸቱን የማያቆም ዘበኛ ነው። የተጎዳው አካል ድኖ ሳለ ነርቮችና አንጎል ሕመሙን ለምደውት ማስተጋባታቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ።

መጀመሪያ የሄድሁት ወደ ሐኪም ነበር። ሐኪሙ መርምሮ፣ አጥንቴ እንዳልተሰበረና የሚያሰጋ በሽታ እንደሌለብኝ ነግሮኝ፣ ለአሥር ቀን የሚሆን የሕመም ማስታገሻ ክኒን አዘዘልኝ። ክኒኑም አሻለኝ። ስሕተቱ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ስሕተቱም የእኔ የራሴ ነበር። አሥሩ ቀን ሲያልቅ ወደ ሐኪሙ በመመለስ ፈንታ ያንኑ ክኒን ራሴ እየገዛሁ መዋጥ ቀጠልሁ። ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፤ አንዳንድ ቀንም ቁርስ ሳልቀምስ። ዲክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን የመሰሉ ማስታገሻዎች ሕመምንና እብጠትን የሚቀንሱት ፕሮስታግላንዲን የተባሉት ንጥረ ነገሮች በሰውነታችን ውስጥ እንዳይመረቱ በማገድ ነው። ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠብቁትም እነዚሁ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ክኒኑ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ወገብን እያስታገሠ ጨጓራን ሊያቆስል፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። እኔ ይህን ያወቅሁት በሰባተኛው ወር፣ ዐይነ ምድሬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ደረጃ ስወጣ ራሴን አዙሮኝ በወደቅሁ ጊዜ ነው። ጨጓራዬ ይደማ ነበር። አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛሁ፤ የማላውቀው ሰው የለገሰው ደምም ተሰጠኝ።

ከሆስፒታል ስወጣ በልቤ ከዘመናዊ ሕክምና ጋር ተጣልቼ ነበር። «ከእንግዲህ ክኒን የሚባል ነገር በአፌ አይገባም» ብዬ ማልሁ። በአንድ ጽንፍ የነበርሁት ሰው በአንድ ጀንበር ወደ ሌላው ጽንፍ ተሻገርሁ። ሰው ሲታመም ደግሞ መካሪው ብዙ ነው። አንዱ፣ «ሪህ ነው፤ ሥጋ ተው» አለኝ። ሁለተኛው፣ «የሚጎዳህ ሽምብራና ምስር ነው» አለኝ። ሦስተኛው ከኮንሶ የመጣ የሽፈራው ቅጠል እንደ ሻይ እያፈላሁ እንድጠጣ መከረኝ። አራተኛው ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በማር፣ አምስተኛው እርድና ዝንጅብል፣ ስድስተኛው ፌጦ በሎሚ አዘዘልኝ። ሁሉንም ሞከርሁ። ሥጋውንም ጥራጥሬውንም በመተዌ በሁለት ወር ውስጥ ሸሚዜ ሰፋኝ፤ ጉልበቴም ከዳኝ፤ ወገቤ ግን እንደዚያው ነበር።

ከመካሪዎቼ ሁሉ የማልረሳቸው ጎረቤቴን ነው። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ይላቸው ነበርና እኔም በዚሁ ልጥራቸው። በግቢያቸው ጥግ፣ አጥሩን አስጠግተው፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ ተክለው ነበር። አንድ ቀን ማታ በዱላ እየተደገፍሁ ስገባ አይተው፣ «መምህር፣ እስቲ ና ግባ፤ ይህ ወገብህ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ገባሁ። እማማ ምጣድ ጣዱ፤ ጨው አሞቁ፤ በጨርቅም ቋጠሩት። ያን ጊዜ የዚያች ልጅ ደብተር ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ሙቀቱ ወደ ወገቤ ሲዘልቅ እንደ ገመድ የተቋጠረው ጡንቻ ሲላላ ተሰማኝ። ከዚያም ቡና አፈሉ፤ ጤና አዳም ጣል አደረጉበት። ስለ ልጆቻቸውና ስለ ድሮው ካዛንቺስ ሲያጫውቱኝ ለሁለት ሰዓት ያህል ሕመሜን ረሳሁት። አልዳንሁም፤ ነገር ግን ለወራት የራቀኝን እንቅልፍ በዚያች ሌሊት አገኘሁ። ዛሬ ሐኪሞች ይህንኑ ይነግሩናል፤ ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ጡንቻን ያፍታታል፤ ብቸኝነት፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ሕመምን ያባብሳሉ፤ ጨዋታና ዕረፍት ደግሞ ያቀሉታል። ተማሪዬ በአንድ ገጽ ጽፋ የሰጠችኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ግን በቀይ ቀለም ሰርዤዋለሁ።

እማማ፣ «እስቲ ደግሞ ፍል ውሃ ሂድ» አሉኝ። ከካዛንቺስ ወደ ፍል ውሃ ሩቅ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽንና የእስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን አልፎ የሚሄድ ሰው በእግሩ ይደርሳል። በመሬት ውስጥ ባለው ሙቀት የጋለው ውሃ የአለቱን ስንጥቅ ተከትሎ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ነው። አካባቢው በኦሮምኛ ፊንፊኔ ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ሳሉ ከመኳንንቱ ጋር ወደዚህ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። እቴጌም በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አቅራቢያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዋና ከተማችን የተቆረቆረችው ሰው ሕመሙን ሊያስታግሥ ይወርድበት በነበረ ውሃ ዳር ነው።

በፍል ውሃ ተራዬን ስጠብቅ ጉልበታቸውን የያዙ እናቶችን፣ በምርኩዝ የቆሙ ሽማግሌዎችን አየሁ። ውሃ ውስጥ ስንገባ ሰውነታችን ይቀላል፤ ስለዚህ በመገጣጠሚያዎች ላይ የሚያርፈው ሸክም ይቀንሳል፤ ሙቀቱም ጡንቻን ያላላል። ከውሃው ስወጣ ወገቤ የጎረምሳ ወገብ ሆነ። ማታ ግን ሕመሙ ተመለሰ። ፍል ውሃ እፎይታ ሰጠኝ እንጂ ፈውስ አልሰጠኝም፤ እፎይታም ቢሆን ለታመመ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ጤና ነው ማለት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ ፍሎራይድ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ከመበለዙም በላይ አከርካሪያቸው እየደረቀ ለከባድ ሕመም ተዳርገዋል። ጓያም እንዲሁ ነው። በጎንደርና በጎጃም ገበሬው በድርቅ ጊዜ የሚደገፍበት ጓያ፣ ለብዙ ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል። እነዚህን ሁለት በሽታዎች ካጠኑት ኢትዮጵያውያን መካከል የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ይገኙባቸዋል። ኮሶን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ትልን የሚያስወጣው ይህ የአገራችን ዛፍ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ ዐይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ጤና አዳምም ቢሆን ለቡና ማጣፈጫ የምትሆነው ጥቂት ስትሆን ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት በብዛት ብትወስዳት ለአደጋ ልትጋለጥ ትችላለች።

ከዚህ በኋላ ወደ አንድ ወጌሻ ሄድሁ። ሽማግሌው አከርካሪዬን በጣታቸው ዳሰሱ፤ «እግርህን ይደነዝዝሃል? ሽንትህን መቆጣጠር አቅቶህ ያውቃል?» ብለው ጠየቁኝ። አያውቅም አልኋቸው። «ይህ የወለቀ አጥንት አይደለም፤ የእኔ እጅ አያድነውም። ገንዘብህን ያዝ» ብለው አሰናበቱኝ። ወጌሻ ሁሉ እንደ እሳቸው አይደለም። የተሰበረ እጅ ወይም እግር ከመጠን በላይ ተጠብቆ በመታሰሩ ደም ማለፍ አቅቶት፣ አካሉ በስብሶ የተቆረጠባቸው ሕፃናት አሉ። እኒያ ሽማግሌ ግን የዕውቀታቸውን ወሰን ያውቁ ነበር። ዐዋቂን ከአስመሳይ የሚለየው ትልቁ ምልክት ይህ መሆኑን ከዚያን ቀን ጀምሮ አምናለሁ።

አስመሳዩንም አግኝቼዋለሁ። በላስቲክ የታሰረ ቡናማ ዱቄት የሚሸጥ ሰው፣ መድኃኒቱ ከወገብ ሕመም እስከ ስኳር በሽታ፣ ከጨጓራ እስከ ደም ብዛት ሁሉን እንደሚፈውስ ነገረኝ። ከምን እንደ ተሠራ ብጠይቀው፣ «የአባቶች ምስጢር ነው» አለኝ። ስለ ሕመሜ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም። ዱቄቱን ለሦስት ሳምንት ጠጣሁ። በአራተኛው ሳምንት ዐይኔ ቢጫ መሰለ፤ ሽንቴም እንደ ሻይ ጠቆረ።

ያየችኝ ሐኪም ወጣት ናት፤ በዕድሜዋ ከተማሪዎቼ አንዷ ልትሆን ትችላለች። የደም ምርመራውን ተመልክታ፣ «ጉበትዎ ተጎድቷል። ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኋት። ለምን እንደ ዋሸሁ ታውቃላችሁ? አፍሬ ነው። የተማሪዬን አያት አጉል እምነት ያልሁ መምህር፣ ስሙ የማይታወቅ ዱቄት በኪሴ ይዤ ስዞር መታየት አልፈለግሁም። በሁለተኛው ቀጠሮ ሐኪሟ ወረቀቷን አስቀምጣ፣ «መምህር፣ እኔ አልቈጣዎትም። እናቴም ዳማከሴ ታጠጣኝ ነበር። ካልነገሩኝ ግን ልረዳዎት አልችልም» አለችኝ። ላስቲኩን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርሁት። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚሉትን ለስንት ዓመት ሳስተምር ትርጉሙ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ዱቄቱን ተውሁ፤ ጉበቴም ቀስ በቀስ አገገመ።

ይህች ሐኪም ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላከችኝ። እኔ ወገቤ እንዳይብስበት እየፈራሁ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቼ አሳልፍ ነበር። ባለሙያው ግን የተኛ ጡንቻ እንደሚሰንፍ፣ የሰነፈም ጡንቻ አከርካሪን መሸከም እንደሚያቅተው አስረዳኝ። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ እንድራመድ፣ ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ ጉልበቴን ወደ ደረቴ እንድስብ አዘዘኝ። ቢያመኝም ቀስ ብዬ እንድቀጥል መከረኝ። ከአራት ወር በኋላ ከካዛንቺስ እስከ መስቀል አደባባይ በእግሬ ሄጄ ያለ ዱላ ተመለስሁ። ሕመሙ አልጠፋም። ዛሬም፣ ይህን ስጽፍላችሁ፣ አለ። ነገር ግን ጌታዬ መሆኑ ቀርቶ ጎረቤቴ ሆኗል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሥር ስለ ሰደደ የወገብ ሕመም ያወጣውን መመሪያ ሳነብ በጣም ተደነቅሁ። ድርጅቱ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። መመሪያው ከሚደግፋቸው ነገሮች መካከል ስለ ሕመሙ ማወቅ፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ መታሸት፣ ጭንቀትን የሚያቃልል የሥነ ልቡና እርዳታ ይገኙበታል። ማስታገሻ ክኒኖችንም ጨርሶ አይከለክልም። አንዱን ብቻ የሙጥኝ ማለትን ትቶ የሰውየውን አካል፣ አእምሮና አኗኗር አንድ ላይ መመልከት እንደሚገባ ያስተምራል። የእማማ ቡና፣ የፍል ውሃው ሙቀትና የሐኪሟ ምርመራ ጠላቶች አልነበሩም ማለት ነው፤ ያጣላኋቸው እኔ ነበርሁ።

ስለ ምግብም ያመንሁት ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ሁሉም ግን እውነት አልነበረም። ሪህ በእርግጥ ከምግብ ጋር የተያያዘ በሽታ ነው፤ ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ በመገጣጠሚያ ላይ ሲጠጥር ይከሰታል፤ ሥጋና ቢራ ሲበዙም ይባባሳል። ጥራጥሬ ግን ሪህን እንደ ሥጋ ስለ ማምጣቱ ጥናቶች አላረጋገጡም። ደግሞም የእኔ ሕመም ሪህ አልነበረም፤ ሳልመረመር ስሙን አውጥቼለት ነው በባዶ ሆዴ የተቀጣሁት። ጉልበቱን ለሚያመው ወፍራም ሰው ክብደት መቀነስ ትልቅ መድኃኒት ነው፤ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በየእርምጃው በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ቫይታሚን ቢ 12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከዓሣ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲጎድል ነርቭን ይጎዳል፣ እጅና እግርንም ያደነዝዛል። ስለሆነም ምግብ ሕመምን ያመጣልም፣ ያቃልላልም። ግን የትኛው ምግብ፣ ለየትኛው ሕመም፣ በምን ያህል መጠን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከአገር ዕፅዋት መድኃኒት አይወጣም የሚልም ታሪክን አያውቅም። ጀርመናዊው ፌሊክስ ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1897 የሠራው አስፕሪን መነሻው፣ የጥንት ሰዎች ለሕመምና ለትኩሳት ይጠቀሙበት በነበረው የአኻያ ዛፍ ልጥ ውስጥ ከሚገኘው ንጥረ ነገር ጋር የተዛመደ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ዶክተሩ እንዶድን በቤተ ሙከራ ፈተኑት፤ መጠኑን ለኩ፤ ለዚህም ሥራቸው ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። አሜሪካዊው ዴቪድ ጁሊየስም በሚጥማጣችን ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ በየትኛው የነርቭ በር እንደሚገባ መርምሮ የሙቀትና የሕመም ስሜትን አመጣጥ በማሳየቱ እ.ኤ.አ. የ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። የዚሁ ንጥረ ነገር ቅባት ዛሬ ለአንዳንድ የነርቭ ሕመሞች በሐኪም ይታዘዛል። እናንተ ግን ሚጥማጣ ቆዳችሁ ላይ እንዳትቀቡ! በባለሙያ ተለክቶ የተዘጋጀና ከጓዳ የተዘገነ አንድ አይደሉም።

እነዚህ ሊቃውንት የአበውን ዕውቀት አልናቁም፤ እንዳለም አልተቀበሉትም። ጠየቁት። መጠየቅ ለምን አስፈለገ? ሥር የሰደደ ሕመም እንደ ሞገድ ነው፤ ይነሣል፣ ይበርዳል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ በበረታበት ቀን ነው። ያን ዕለት ምንም ቢውጥ፣ ሞገዱ በራሱ ጊዜ ዝቅ ሲል፣ «የጠጣሁት ፈወሰኝ» ይላል። እኔም ስለ ጥቁር አዝሙዱም፣ ስለ ሽፈራውም፣ ስለ ፌጦውም በየተራ እንዲህ ብያለሁ። ብዙ ሰዎችን በሁለት ከፍሎ፣ መድኃኒቱን የወሰደውንና ያልወሰደውን ማነጻጸር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱን መንገዶች ማስታረቅ ደግሞ የሰው ሕይወት የሚያድንበት ጊዜ አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ብዙ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበል ስንጠመቅ መድኃኒት መውሰድ የለብንም ብለው ያምኑ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መጠቀም እንደሚቻል በይፋ አስተማሩ። ሕመምተኛው ሃይማኖቱንም ሕይወቱንም የሚጠብቅበት በር ተከፈተለት።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በመልሶ ማልማት ምክንያት በአብዛኛው ፈረሰ፤ ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። እማማም ከተዛወሩት አንዷ ናቸው። ዕቃቸው በመኪና ሲጫን ልሰናበታቸው ሄድሁ። ከአጥሩ ሥር ዳማከሴ ነቅለው በቆርቆሮ ተክለው ይዘዋል። «መምህር፣ አዲሱ ቤት ፎቅ ነው አሉ፤ ይህ እዚያ ይበቅል ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። ቆርቆሮውን ተቀብዬ እስከ መኪናው ድረስ ያዝሁላቸው፤ ወገቤም ቻለልኝ።

ውድ ተማሪዎች፣ እንግዲህ ደብተራችሁን ክፈቱና ተማሪዬ የጻፈችበትን ያንኑ ርእስ ጻፉ፤ «በቤታችን የሚገኝ ዕውቀት»። አያታችሁን፣ እናታችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ጠይቁ። የሚነግሯችሁን በቃላቸው መዝግቡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጥያቄዎች አክሉበት። ይህ መድኃኒት ወይም ምግብ ለየትኛው ሕመም ነው? መጠኑ ምን ያህል ነው፤ ጉዳትስ አለው? ይሠራል መባሉ እንዴት ታወቀ? እነዚህን ጥያቄዎች ለእማማም፣ ለዱቄት ሻጩም፣ ክኒን ለሚያዝላችሁ ሐኪምም እኩል አቅርቡ። የምትወስዱትንም ከሐኪማችሁ አትደብቁ።

ያች ተማሪዬ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ምናልባት ከእናንተ የአንዳችሁ እናት ትሆናለች። በዘጠነኛ ክፍል ስለ አያቷ ጽፋ ዝቅተኛ ማርክ ያገኘች እናት ያለችው ልጅ ካለ፣ ይህን ገጽ ያንብብላት። በደብተሯ ላይ መጻፍ ይገባኝ የነበረው፣ «መልካም ድርሰት ነው፤ አያትሽን ሌላ ምን እንደሚያውቁ ጠይቂያቸው» የሚል ነበር። ማርኳንም አስተካክዬዋለሁ።